ባለቤቴ ነጭ የደም ሴል ያልነበረው ሰሞን

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሴት ነኝ። ናይሮቢ መሃል ከተማ ባለው የልብስ ሱቃችን ሃያ ዓመት ስሠራ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደንበኛ ያስተናገድኩበትን ቀን አላስታውስም። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ስትሞቺም ቆመሽ ነው» እያለ ይቀልድብኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው የባለቤቴ ሐኪም «አሁን የምትሠሪው ነገር የለም፣ መጠበቅ ብቻ ነው» ያለቻት።

ባለቤቴ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ይዞት የመጀመሪያውን ዙር የኪሞ ሕክምና የጨረሰ ዕለት ነበር። ሐኪሟ ኬንያዊት ናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ እኔን የመሰለ ችኩል ሰው የሚያቃጥል ዝግታ ያላት። ወረቀት አውጥታ አንድ መስመር ሳለችልኝ። መስመሩ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ትንሽ ይተኛል፣ ከዚያ ተመልሶ ይነሣል።

«ይሄ ነጭ የደም ሴሉ ነው» አለችኝ። «ከሰባተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ይወርዳል። እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ከዚያ መቅኒው ሲያገግም ራሱ ይነሣል።»

«በመሃሉስ?»

«በመሃሉ ቤታችሁ ሰው አይግባ። ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ደግሞ እስከ ነገ ልየው እንዳትዪ። ያኔውኑ ይዘሽው ነይ። መከላከያ የሌለው ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል።»

ወረቀቱን አጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከምጥለው ብዬ ይሆናል።

የቀረውን ያስረዳችኝ መርፌውን የነቀለችለት ነርስ ናት፤ ስለነዘነዝኳት። ጀርም ገባ ሲባል ከነጭ ሴሎች መካከል ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው አለችኝ። ጀርሙን ይውጡታል፣ እዚያው ይሞታሉ፤ መግል ብለን የምንጸየፈው ነገር አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ ደም ውስጥ አንድ ቀን ቢቆዩ ነው፤ ስለዚህ የአጥንት መቅኒ ያለ ዕረፍት አዲስ ማምረት አለበት። ኪሞው ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሁሉ ይመታል፣ ካንሰሩን ከመቅኒው አይለይም። ቆዳ አለ፣ ምራቅ አለ፣ የጨጓራ አሲድ አለ፣ በልጅነት ያለፈ ኩፍኝን ዕድሜ ልካቸውን የሚያስታውሱ ሌሎች ሴሎችም አሉ፤ ግን ያለ እነዚህ ቀዳሚዎች ብቻቸውን አይበቁም። ዕድሜዬን ሙሉ መግል ስጸየፍ ኖሬ ያን ቀን አዘንኩለት።

አሁን ይህን ለሐበሻ አስረዱልኝ። እኛ ታማሚ የምንጠይቀው ተሰብስበን ነው። አልጋው ዳር እንደረደራለን፣ ግንባሩን እንዳስሳለን፣ ጉንጩን ሦስት ጊዜ እንስማለን፣ አልበላም ካለ ደግሞ እያጎረስን መውጫ እናሳጣዋለን። በሰው አገር ሲሆን ይብሳል፤ ዘመድ የሌለው ሰው ሁሉ ዘመድ ይሆናል። ጠያቂን ከበር መመለስ ምን እንደሚባል እንኳ አላውቅም፤ ሲደረግ አይቼ አላውቅማ።

እናም ገና ከጅምሩ ተሳሳትኩ። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው አፓርታማችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ታች መግቢያው ላይ አስካሪ አለ፣ ሥራውን አክባሪ ጎልማሳ ጥበቃ። «ከቤተሰብ በቀር ማንንም እንዳታስገባ» አልኩት። ሰባተኛው ቀን እሁድ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ደወለልኝ። «ማዳም፣ አሥራ አንድ ወንድሞቹ መጥተዋል» አለኝ። ባለቤቴ አንዲት እኅት እንጂ ወንድም የለውም። ወረድኩ። የዕቁብ ጓደኞቹ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ወዳጃችን፣ ከኢስሊ ገበያ ጨርቅ የሚያመጣልን ሙስሊም ነጋዴ፣ ሁሉም በየተራ «ንዱጉ ነኝ፣ ወንድሙ ነኝ» ብለው ለአስካሪው ምለውለታል። አንዳቸውም ዋሸሁ ብሎ አላፈረም።

አጥሚቱን ተቀበልኩ፣ ዶሮውን ተቀበልኩ፣ ሰዎቹን መለስኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የመለስኳቸው። «ሰላም እንኳ ሳንለው?» ብላ አብራቸው የመጣች አንዲት ሴት እንባዋ መጣ። እኔ ግን አልተበገርኩም። ከዚያች እሁድ ወዲህ ሁርሊንግሃም ውስጥ በባሏ ላይ በር የቆለፈች ሴት ተባልኩ። ይበሉኝ አልኩ።

የነፍስ አባቱ የተሻሉ ነበሩ። በዚያው እሁድ ማታ ፎቁን ወጥተው ከደጃፋችን የብረት ፍርግርግ በር ውጭ ቆመው ጸለዩለት፣ መስቀሉን ከሩቅ አሳዩት፣ ሌላ አልጠየቁም። ሲሄዱ ግን ፀበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ትተው ሄዱ። አሁን ምን ላድርገው? ላፈስሰው አልችልም፣ ያልፈላ ውኃ ነውና እንዳለ ላጠጣው አልችልም። ኩሽና ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ በመጨረሻ እያማተብኩ ድስት ላይ ጥጄ አፈላሁት። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆኖ «ከፈላ አይቀር ሻይ ቅጠልም ጣል አድርጊበት» አለኝ። ሕሊናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ለአባ ደውዬ ተናዘዝኩ። ሲስቁ ሰማኋቸው፤ «ሲቀዘቅዝ ይጠጣ» ብለው ዘጉት።

በማግስቱ፣ በስምንተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ እትዬ መጡ።

እትዬ የባለቤቴ ታላቅ እኅት ናቸው። እናቱ አራት ዓመት ሳይሞላው ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በእሱ የተነሣ ትዳር እንኳ ሳይዙ ቀሩ። መምጣታቸውን ለማንም አልነገሩም። ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ በአውቶቡስ፣ በስድሳ ዓመታቸው። አስካሪው እኚህን መመለስ አልሆነለትም፤ የደከሙ እናት ናቸው፣ አንዲት ቃል ስዋሂሊ አያውቁም፣ ጣታቸውን ወደ ላይ እየጠቆሙ ያለቅሳሉ። ራሱ ይዟቸው መጣ። ፍርግርጉ ጋ ስደርስ እየሳሉ ነበር።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ፣ መግባት አይቻልም» አልኳቸው።

«ለማን ነው የማይቻለው?»

«ለማንም።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

ስለ ሴሎቹ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አማርኛዬም እንግሊዝኛዬም ተደባለቀ። «እየሳሉ ነው፣ ያ ሳል እሱን ይገድለዋል» አልኳቸው በመጨረሻ። «የመንገድ አቧራ ነው ልጄ፣ አቧራ እኮ ነው» አሉኝ። ባለቤቴ ድምፃቸውን ሰምቶ ከመኝታ ቤት «እትዬ ነሽ?» ብሎ ሲጣራ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበር። አልከፈትኩም።

ሁርሊንግሃም አንዲት የአገራቸው ሴት ዘንድ አሳረፍኳቸው። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ይመጣሉ። አስካሪው ነጭ ፕላስቲክ ወንበር መኪና ማቆሚያው ላይ ያወጣላቸዋል፤ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ እያንዳንዳቸው ስልክ ጆሮአቸው ላይ አድርገው፣ እየተያዩ፣ ከላይና ከታች ያወራሉ። ልጅ ሆኖ ኩፍኝ ሲይዘው አሥር ቀን ቀይ ሻሽ መስኮት ላይ ሰቅለው እንዳስታመሙት ይነግሩታል፤ እሱ ይስቃል። እኔ ከኋላ የበር እጀታ እወለውላለሁ። የወለወልኩትን መልሼ እወለውላለሁ። ቴርሞሜትሩን በየሰዓቱ ብብቱ ውስጥ ከመክተቴ የተነሣ አንድ ቀን ደብቆብኝ ቤቱን ሳገለባብጥ ዋልኩ። ሠላሳ ስድስት ከስምንት ሲል እተነፍሳለሁ፣ ሠላሳ ሰባት ከሁለት ሲል እንደገና እለካለሁ። ሱቁን ዘግተነዋል፣ ስልኩን አላነሣም፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየሁ ቆይቻለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ተላጨሁ ብሎ አገጩን ቆረጠው። ጮኽኩበት። ግን በማግስቱ ሳየው ቁስሉ ንጹሕ ነበር፤ አልቀላም፣ አላበጠም፣ አላዠም። ደስ ብሎኝ ለነርሷ ደወልኩ። እሷ ግን «መቅላትና ማበጥ የሴሎቹ ሥራ ነው» አለችኝ። «ቁስሉ ያልቀላው ጀርም ስለሌለ ላይሆን ይችላል። የደረሰለት ስለሌለ ይሆናል። ስለዚህ ቁስሉን ሳይሆን ሙቀቱን ነው የምታዪው፤ ሌላ ምልክት አያሳይሽም።» ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠላት ቢመጣ አየዋለሁ የሚል ተስፋ ነበረኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አፉ ቆሰለ። ምላሱ፣ ከንፈሩ ውስጥ፣ ጉሮሮው፤ ውኃ መዋጥ አቃተው። የአፍ ማጠቢያ መድኃኒት ለማምጣት ፋርማሲ ሄድኩ፣ ሩጬ ሄጄ ሩጬ ተመለስኩ። ሁሉም እንደነበረ ነው። እትዬ ታች ወንበራቸው ላይ፣ እሱ አልጋው ላይ። ፊቱ ላይ የሆነ ደስታ አየሁ፤ መድኃኒቱን ስላመጣሁለት መስሎኝ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ከሦስት አለ። እንደገና ለካሁ። ሠላሳ ስምንት ከአምስት። ያ ሁሉ ቀን ስፈራው የነበረው ነገር ደረሰ። መኪና ጠራሁ፣ ማስክ አደረግሁለት፣ ደግፌው ደረጃውን ጀመርን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ።

«ለሐኪሟ የምትነግሪያት ነገር አለ» አለኝ። «ትናንት ፋርማሲ ስትሄጂ እትዬ ፎቁን ወጥታ ነበር። እጇን በፍርግርጉ ሰጠችኝ፣ ሳምኩት። ጉንጬንም ዳሰሰችኝ። አትቆጫት።»

ደሜ ፈላ። ታች ስንደርስ እትዬ ወንበሩን ጥለው ወደ መኪናው እየሮጡ ነበር። «ምን ሆነ? ምን ሆነብኝ?» እያሉ በሩን ያዙ። እሱን አስገባሁና በሩን ከእጃቸው ነጠቅሁ። በትዳር በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ከአንቱታ ዝቅ ብዬ አናግሬያቸው አላውቅም።

«አንቺ ነሽ» አልኳቸው። «ከሞተ የገደልሽው አንቺ ነሽ። በእጅሽ ነው የገደልሽው።»

አስካሪው አማርኛ አይሰማም፤ ቢሆንም ፊቱን አዞረ። እትዬ ምንም አልመለሱም። መኪናው ሲነሣ በመስታወቱ ሳያቸው ቀኝ እጃቸውን አንሥተው መዳፋቸውን ያዩት ነበር።

ሆስፒታሉ ጊዜ አልፈጀም። ደም ወሰዱ፣ ውጤቱን ሳይጠብቁ አንቲባዮቲኩን በደም ሥሩ ለቀቁለት፣ ግፊቱ ሲወርድ ግሉኮስ ጨመሩለት። ለብቻው መስታወት ያለው ክፍል ውስጥ አስገቡት። ሦስት ቀን ኮሪደሩን ስመላለስበት የጽዳት ሠራተኞቹ እንኳ ለመዱኝ፤ አንዷ በስዋሂሊ «ፖሌ ማማ፣ አይዞሽ» እያለች እንዳልፍ መጥረጊያዋን ታነሣልኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ መቀባዠር ጀመረ። እትዬን ጠራ፣ እናቱን ጠራ፣ እኔን ግን አልጠራም። ሐኪሟን በዓይኔ ስከተላት «እየሞከርን ነው» ከማለት ሌላ አልወጣትም። የዚያን ቀን እትዬን ጠላኋቸው። መጥላት ቢያንስ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሥራ ያስይዘኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙቀቱ ወረደ። ዓይኑን ገልጦ «ሱቅ ማን አለ?» አለኝ። ከዚያ ሐኪሟ ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። አንደኛው የደም ቆጠራው ነበር፤ ሴሎቹ መነሣት ጀምረዋል፣ ጥቂት ናቸው ግን አሉ። «መቅኒው ሥራ ጀምሯል» አለችኝ። «ይህን አልፏል ብዬ አስባለሁ።»

«ይሄኛው ደግሞ ጀርሙ ነው» አለችኝ ሁለተኛውን ወረቀት እያሳየችኝ። «ለይተን አውቀነዋል። የአንጀት ጀርም ነው።»

«ከእጅ ነው አይደል?» አልኳት። «እኅቱ ነክታዋለች።»

«አይመስለኝም። የራሱ ነው። አንቺም ሆድ ውስጥ አለ፣ እኔም ሆድ ውስጥ አለ፣ ከተወለድን ጀምሮ አብሮን ይኖራል፣ ጉዳት የለውም። አፉ ሲቆስል አይተሻል? ኪሞው አንጀቱንም ከውስጥ እንደዚያው አቁስሎታል። በቁስሉ በኩል ወደ ደም አለፈ፤ የሚይዘው ዘብ አልነበረም። በዚህ ሰሞን ከሚመጣው ትኩሳት ብዙው ከገዛ ሰውነት ነው።»

«ታዲያ በሩን የቆለፍኩት ለምንድነው?»

«ጉንፋንም ሌላም ከውጭ ይመጣል፣ በሩ ጥሩ ነው። ይሄኛው ግን በበር አልገባም።»

የተናገርኩት ሁሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ፤ ሁርሊንግሃም እስክደርስ ድረስ መኪናው ውስጥ ሾፌሩን ፍጠን ፍጠን እያልኩ አሳበድኩት።

እትዬ ያረፉበት ክፍል ጥግ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያሳረፈቻቸው ሴት ሦስት ቀን ከውኃ በቀር እንዳልቀመሱ ነገረችኝ። ያ ሳል ለቋቸዋል፤ በእርግጥም አቧራ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ። «ሞተ?» አሉኝ።

«ተርፏል። እትዬ፣ ተርፏል። ይቅር ይበሉኝ። ከእርስዎ አይደለም፣ ሐኪሟ ነገረችኝ፣ ከገዛ ሆዱ የወጣ ነው።»

ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፣ አለቀሱ፣ እንደገና አመሰገኑ። ከዚያ ረጋ ሲሉ «ከሆዱ?» አሉኝ።

«ከገዛ አንጀቱ። እርስዎ ባይነኩትም ይመጣ ነበር።»

ሕፃን ሲዋሽ የሚያይ ሰው በሚያይበት ዓይን አዩኝ። «ሐኪም ለማጽናናት ብሎ የማይለው የለም» አሉ። «አንቺም ደግ ነሽ።» እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ በሳሙና ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቆ ደም ያዘለ ነበር። «በማግስቱ ነው እኮ የታመመው።» ማልኩላቸው። በአባቴ፣ በእናቴ፣ በእመቤቴ ማልኩ። እሺ አሉኝ፤ እሺታቸው ግን ነገሩ እንዲያበቃ የሚባል እሺ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው አለች። እትዬን ወደ ፊት ገፋኋቸው። እጃቸውን አስታጠበቻቸው፣ ጋውን አለበሰቻቸው፣ ማስክ አሰረችላቸው፣ በእንግሊዝኛ «አሁን መንካት ይችላሉ፣ ምንም አይደል» አለቻቸው፤ እኔ ተረጎምኩ። ነርሷ በሩን ከፈተች፣ ገቡ። እኔ ከመስታወቱ ውጭ ቀረሁ።

ባለቤቴ ሲያያቸው ከንፈሩ «እትዬ» ሲል አየሁ። እጁን ከአንሶላው ሥር አውጥቶ ዘረጋላቸው። እሳቸው ሁለት እርምጃ ገብተው ቆሙ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ነርሷ ወንበሩን አልጋው አጠገብ አስጠግታ ጠቆመቻቸው። እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ የሆነ ነገር አላቸው፣ ሳቀ፣ እንደገና ጠራቸው። ከግድግዳው አልተላቀቁም።

መስታወቱን አንኳኳሁ። «ይንኩት እትዬ፣ ግድ የለም፣ ይንኩት» አልኩ፤ ድምፄ አያልፍም። በእጄ ጠጋ ይበሉ አልኳቸው፣ ጉንጬን እየነካሁ አሳየኋቸው፣ ደጋግሜ አሳየኋቸው። የእሱ እጅ አሁንም አልጋው ዳር ተዘርግቶ ይጠብቃል። እትዬ ከማስካቸው በላይ እኔን፣ እኔን ብቻ ያያሉ፤ እያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።